ኢንተርኔት፦ ውልደቱ፣ ዕድገቱና የፊደላችን ዕጣ

መግቢያ

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለው ሠፈር በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ከዚህ ሠፈር ወደ ምዕራብ አምስት ማይል ያህል ራቅ ብሎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ግቢ ይገኛል። ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው መረብ የመጀመሪያ መልእክቱ የተላከው ከዚያ ግቢ ነው። የመረቡ ሐሳብ ከተጠነሰሰባቸው ቦታዎች አንዱና የዓለም የኢንተርኔት ስሞችና ቁጥሮች መዝገብ ለብዙ ዓመታት የተጠበቀበት ቢሮም ከፌርፋክስ በአሥር ማይል ክልል ውስጥ ናቸው። እንጀራና ቡና ፍለጋ ወደዚህ ጎዳና ከሚመጣው ወገናችን ውስጥ፣ በእጁ ይዞት የሚውለው መሣሪያ ታሪክ የዚሁ ከተማ ታሪክ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው።

ስለ ኢንተርኔት በመካከላችን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ነው። ገሚሱ የተራራቀውን ያቀራረበ በረከት ነው ሲል፣ ገሚሱ የሐሜትና የጠብ መናኸሪያ ነው ይላል። ሁለቱም አባባሎች እውነት አላቸው፤ ነገር ግን መረቡ በምን ላይ እንደ ቆመ አይነግሩንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መነሻውንና አሠራሩን በአጭሩ ማስረዳት፣ ቀጥሎም ቋንቋችንና ፊደላችን ወደዚያ የገቡበትን መንገድ ማመልከት ነው። ልናስጨብጥ የምንወደው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ኢንተርኔት የቆመው በሽቦና በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ በሰፈረ ስምምነት ነው። ፊደላችን ወደ መረቡ የገባው ስምምነት በተገኘ ጊዜ ነው፤ ስምምነት ከመገኘቱ በፊት በኮምፒዩተር የተጻፈው ግን ዛሬ በእጃችን ላይ እየጠፋ ይገኛል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመረቡ መነሻ

ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ካመጠቀች በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በሳይንስ ላለመቀደም በ1958 በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር አርፓ የተባለ የምርምር ተቋም አቋቋመ። በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ፣ ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ መሣሪያ ነበር። አርፓ በየዩኒቨርሲቲው ገንዘብ እያወጣ የሚያስገዛቸው ኮምፒዩተሮች ግን እርስ በርሳቸው አይግባቡም ነበር። በተቋሙ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ቴይለር እነዚህን መሣሪያዎች አገናኝቶ ሁሉም ተመራማሪ እንዲጋራቸው ማድረግ ይሻላል ብለው ተነሡ፤ ንድፉን ላሪ ሮበርትስ መሩት።

ኢንተርኔት የተሠራው ከኑክሌር ጦርነት እንዲተርፍ ታስቦ ነው የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው ራንድ የተባለ የጥናት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፖል ባራን፣ ጥቃት ቢደርስበት ፈጽሞ የማይቋረጥ የመገናኛ መረብ እንዴት እንደሚሠራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አጥንተዋል። መልሳቸው መረቡ ማዕከል እንዳይኖረው ማድረግ ነበር። በብሪታንያም ዶናልድ ዴቪስ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ በራሳቸው መንገድ ደርሰው ነበር። አርፓ የሠራው መረብ ግን ሐሳቡን የተዋሰው ኮምፒዩተሮችን ለመጋራት እንጂ ለጦርነት መልስ አልነበረም።

ሐሳቡን በእኛ ኑሮ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አዲስ አበባ ያለች እናት ፌርፋክስ አካባቢ ለሚኖር ልጇ ሃያ ኪሎ በርበሬ ልትልክ ፈለገች እንበል። ይህን ሁሉ የሚሸከምላት አንድ መንገደኛ አታገኝም። ስለዚህ በአራት ከረጢት ትከፍለውና በእያንዳንዱ ላይ የተቀባዩን ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም «ከአራቱ አንደኛው»፣ «ከአራቱ ሁለተኛው» እያለች ምልክት ታደርግበታለች። አንዱ መንገደኛ በፍራንክፈርት፣ ሌላው በሮም፣ ሌላው በዋሺንግተን በኩል ይመጣል። የኋለኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ልጁ ከረጢቶቹን በቁጥራቸው ይደረድራል፤ ሦስተኛው ቢጎድል «ሦስተኛው አልደረሰኝምና ድገሚልኝ» ይላል። ኢንተርኔት ደብዳቤውን፣ ድምፁንና ሥዕሉን ሁሉ የሚያጓጉዘው በዚህ ዓይነት ቆራርሶ ነው። የቀድሞው ስልክ ግን ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው እስኪጨርሱ ድረስ አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ይይዝ ነበር። ባይናገሩም መስመሩ ተይዞ ይቆያል፤ መስመሩ ከተቆረጠም ንግግሩ ይቆረጣል።

መልእክት አቀባይ የሆነው የመጀመሪያው መሣሪያ በ1969 በነሐሴ ወር መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ተማሪ የነበረው ቻርሊ ክላይን፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኮምፒዩተር ለመግባት «ሎግ ኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት እንደ ደረሱ የስታንፎርዱ ኮምፒዩተር ቆመ። ስለዚህ በመረቡ ላይ የተላለፈው የመጀመሪያ ቃል «ሎ» ሆኖ ቀረ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ግንኙነቱ ተሳካ። ዓመቱ ሲያልቅ አራት ጣቢያዎች ተገናኝተው ነበር፦ ሎስ አንጀለስ፣ ስታንፎርድ፣ ሳንታ ባርባራና ዩታ።

በዚያ ዘመን ከተሠራው ሁሉ ለእኛ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን የሥራው ልማድ ነው። ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩበትን ደንብ እንዲያወጡ የተተዉት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ስቲቭ ክሮከር በኤፕሪል 1969 የመጀመሪያውን ሰነድ ሲያወጣ አዋጅ ወይም መመሪያ አላለውም፤ «የአስተያየት መጠየቂያ» አለው። ሐሳብ ያለው ይጻፍ፣ ይተች፣ ያሻሽል፤ የሚሠራው ይጽና፤ ሰነዱም ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል መንፈስ ነበረው። ኢንተርኔት የሚሠራባቸው ደንቦች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ተቆጥረው ይወጣሉ፤ ብዛታቸውም ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሆኗል።

ከአራት ጣቢያ ወደ ዓለም

ዕድገቱ በደረጃ ነበር። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚላክ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሠራ። በ1974 ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በአሠራር የሚለያዩ መረቦች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ሥርዓት ጽፈው አወጡ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 የአርፓ መረብ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ሥርዓት ተዛወረ። ኢንተርኔት በትክክል ተወለደ ሊባል የሚችለው ያን ዕለት ነው፤ «የመረቦች መረብ» የሆነው በዚያ ስምምነት ነውና።

በዚያው በ1983፣ ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም፣ ፖል ሞካፔትሪስ ቁጥር በስም የሚተካበትን ዘዴ ነደፈ። በዚያው ተቋም ጆን ፖስቴል የስሞቹንና የቁጥሮቹን መዝገብ በ1998 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ጠበቀ። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ኢቲ» በ1995 በዚህ መዝገብ ውስጥ ገባ። አገራችን በመረቡ ላይ ስም ያገኘችው ከፌርፋክስ ሩቅ ባልሆነ ቢሮ ነው ማለት ነው። በ1998 የተቋቋመውና መዝገቡን የተረከበው አይካን የተባለ ድርጅትም መቀመጫው እስከ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ነው።

መረቡን ከምሁራን እጅ ወደ ሕዝብ ያወጣው፣ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ተቋም ይሠራ የነበረው ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ያቀረበው «ድር» የተሰኘ ሐሳብ ነው። ተቋሙ በኤፕሪል 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድነት የሚያሳይ ማንበቢያ በዚያው ዓመት ሲወጣ፣ ኢንተርኔት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የንግድ፣ የዜናና የቤት ዕቃ ሆነ።

ኢትዮጵያና መረቡ

ኢትዮጵያ ከመገናኛ መሣሪያ ጋር የተዋወቀችው ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የስልክ መስመር ተዘርግቷል። ኢንተርኔትን በተመለከተ ግን ጉዞው የዘገየ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል በተራ የስልክ መስመር እየደወለ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያቀባብል ነበር። ደብዳቤው ወዲያው አይደርስም፤ ተጠራቅሞ ቆይቶ በተወሰነ ሰዓት ይላካል። ቢሆንም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የእርዳታ ድርጅቶች በውጭ ካሉ ወገኖቻቸው ጋር የተጻጻፉበት የመጀመሪያው በር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 1997 ነው።

ፊደላችንና ኮምፒዩተሩ

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ይላካል፣ በሌላኛው ጫፍ ተመልሶ ወደ ፊደል ይለወጣል። በ1963 በአሜሪካ የወጣው ደንብ ለፊደል፣ ለቁጥርና ለምልክት በጠቅላላው 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ለእንግሊዝኛ በቂ ነው። በኋላ በየመሣሪያው ቦታው ወደ 256 ከፍ ቢልም፣ የአማርኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል። በዚያ ላይ እንደ ሏ፣ ቋ፣ ኳ ያሉት ዲቃላዎች፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች አሉ። ከ256ቱ ውስጥ ደግሞ የተወሰነው ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዘ ስለሆነ ሁሉም አይገቡበትም።

ችግሩ አዲስ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ለማስተካከል በተነሡ ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው የቦታ ጥበት ነበር። ከዚያም በኋላ ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች ይቀነስ፣ ቅርጹ ይለወጥ የሚሉ ሐሳቦች በየጊዜው ቀርበዋል። በ1980ዎቹ ግን ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ በየበኩላቸው፣ ሌሎች ባለሙያዎችም በአገር ቤት፣ ፊደሉን እንዳለ በኮምፒዩተር የሚያስጽፉ መሣሪያዎች ሠሩ። በተከታዮቹ ዓመታት ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽ ራና ሌሎችም ተከታትለው ወጡ።

እነዚህ መሣሪያዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። የስደት መጽሔቶች፣ የማኅበራት መግለጫዎች፣ የግጥም መድበሎችና የጥናት ጽሑፎች በእነርሱ ታትመዋል። አንድ ጉድለት ግን ነበራቸው፦ ሁሉም ፊደሉን ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ቦታዎች ላይ ነበር፤ አቀማመጣቸውም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በአንዱ መሣሪያ «ሰ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጠ» ይሆናል፤ መሣሪያው በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አማርኛ በወረቀት ላይ ያምር ነበር እንጂ በመረቡ ላይ ከሰው ወደ ሰው ለመሄድ አልቻለም። ብዙ ወገኖቻችን በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለ ሥርዓትም የፊደሉን ድምፆች በላቲን ፊደል ወጥ በሆነ መንገድ ለማስፈር የታሰበ መሸጋገሪያ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ዩኒኮድ የተባለው ደንብ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ የራሱን ቁጥር ለመስጠት የተነሣ ነው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ለዓመታት ሐሳብ አቅርበው፣ ተከራክረውና አርመው፣ የኢትዮጵያ ፊደል በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገባ። «ሀ» ቁጥሯ 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 ሆነ። በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለጉራጌ፣ ለጋሞ፣ ለጉሙዝና ለሌሎች ቋንቋዎች ድምፆች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ታከሉ። ዛሬ ከፌርፋክስ ወደ ጎንደር በስልክ የሚላከው «እንዴት አደራችሁ» ሳይበላሽ የሚደርሰው በሁለቱም ስልኮች ላይ የፊደሉ ቁጥር አንድ ስለሆነ ነው። ፊደሉን ለመኪናው መቁረጥ አላስፈለገም፤ ስምምነቱ በቂ ሆነ።

በፌርፋክስ የዕለት ኑሮ

ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ ጎዳና የነበረው የአገር ቤት መገናኛ የታወቀ ነው። ደብዳቤ በሳምንታት ይደርሳል፤ ለስልክ ከሱቅ ካርድ ይገዛል፤ ደቂቃው ሳያልቅ የቤተ ዘመዱ ሰላምታ እየተቻኮለ ይከናወናል። ፎቶግራፍና የድራማ ካሴት በመንገደኛ እጅ ይመጣል። ዛሬ በዚያ ካርድ ምትክ ቫይበር፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም አሉ። የልቅሶ መርዶ፣ የእድር ጥሪ፣ የሠርግ መዋጮ፣ የታመመ ወገን መርጃ፣ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ሁሉ በእነርሱ ያልፋል። በ2020 ወረርሽኙ ቤተ ክርስቲያኑንም አዳራሹንም በዘጋ ጊዜ ምእመናን ቅዳሴውን የተከታተሉት፣ ቀብር ላይ መገኘት ያልቻለውም ከሩቅ ያለቀሰው በዚሁ መረብ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆች ፊደል ይቆጥሩበታል። ጉግል በፌብሩዋሪ 2016 አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ጋር ከደመረ ወዲህ ደግሞ፣ አያትና የልጅ ልጅ በጎደለ ቋንቋም ቢሆን መግባባት ችለዋል።

ይህ ሁሉ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ባለው በር ይወሰናል። መረቡ ማዕከል እንዳይኖረው ተደርጎ ተሠርቷል ብለናል። አገር ውስጥ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ከሆነ ግን፣ ለዚያ አገር በሩ ራሱ ማዕከል ይሆናል። በኢትዮጵያ የሆነው ይህ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ አገልግሎቱ በመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። በ2017 ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2020 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ጭምር ተቆረጠ፤ ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ጠፋ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በእነዚያ ቀናት ስደተኛው በስልኩ ላይ ያነበበው «መልእክቱ አልደረሰም» የሚለውን ምልክት ነበር፤ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቀው በሰው በሰው ሲሰማ ብቻ ሆነ። ወሬ የሚነግሠውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ እውነተኛው ቃል ሲታፈን ቦታውን ግምት ይይዘዋልና።

መደምደሚያ

በሩን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በእኛ እጅ አይደለም። በእኛ እጅ ያለ ሌላ ሥራ ግን አለ፤ እርሱም ጊዜ የማይሰጥ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ በስደት የተጻፈው አማርኛ አብዛኛው ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት መሣሪያዎች ተጽፎ፣ በዱሮ ዲስክና በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ጸሐፊዎቹ እያረጁ፣ ብዙዎቹም እያለፉ ነው፤ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ጠፍቷል። ዲስኩ ቢነበብ እንኳ ጽሑፉ በየትኛው መሣሪያ እንደ ተጻፈ የሚያስታውስ ካልተገኘ፣ የሚታየው ያ የላቲን ዝብርቅ ነው። የአንድ ትውልድ ክርክር፣ ትዝታና ጥናት በብራና ላይ ከተጻፈው ገድል ቀድሞ ሊጠፋ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራትና ለምሁራን ሦስት ሥራዎችን እናሳስባለን። የመጀመሪያው፣ በየቤቱ ያለውን አሮጌ ዲስክና ፋይል አሰባስቦ፣ የተጻፈበትን መሣሪያ ስም ከጸሐፊው አፍ ተቀብሎ መመዝገብ ነው። ይህ ወጪ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥና ከአንድ በላይ በሆኑ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ነው፤ መረቡ ራሱ ያስተማረን አንድ ማዕከል እንደማይታመን ነውና። ሦስተኛው፣ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በሚጻፉበት አኳኋን ላይ ቢያንስ ለመፈለጊያ የሚሆን ስምምነት ማድረግ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሰው ሥራ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ካላገኘው፣ ጽሑፉ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት መሣሪያዎች አንድን ቋንቋ የሚማሩት በመረቡ ላይ ካገኙት ጽሑፍ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ ከተናጋሪው ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ያልተገኘውን አያውቁትም፤ ያላወቁትንም ለልጆቻችን አይነግሯቸውም።

በ1969 በዚህች ከተማ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሐሳባቸውን ጽፈው አስተያየት ጠየቁ እንጂ ትእዛዝ አላወጡም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባውም ሐሳብ ቀርቦ፣ ክርክርና እርማት ተደርጎበት ነው። በጉዳዩ የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንዲት «ሀ» ቁጥር መስማማት ቻሉ። በብዙ ነገር የማንስማማ ሰዎች በዚህ ደግሞ መስማማት እንችላለን።